«ምኑ ነው አዲሱ?»

በአማተር ሰማይ ተመልካቾች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የቡድናችን አባላት፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «አንድ ፈጠራ ፓተንት ለማግኘት ምን ማሟላት አለበት?» የሚል ነው። ፓተንት ማለት ፈጠራው ለተወሰነ ጊዜ የፈጣሪው ብቻ እንዲሆን ሕግ የሚሰጠው መብት ነው። ጸሐፊያችን ሃያ ደቂቃ ብቻ እንዳለኝ ደጋግሞ ነግሮኛል። አልፈርድበትም። ባለፈው ዓመት ስለ ጁፒተር ያወራልን ወንድማችን ንግግሩን ሲጨርስ ጁፒተር ደመና ውስጥ ገብታ ነበር።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ ማታ ማታ ነው፤ በካፖርትና በኮፍያ። ቀን ቀን ግን የሰው የፓተንት ማመልከቻ እያዘጋጀሁ ነው የምኖረው። ስለዚህ ለቴሌስኮፕ መስታወት ሲፈትግ የሚያመሸውንም አውቃለሁ፣ ፋይል ይዞ ቢሮ የሚመላለሰውንም አውቃለሁ። አንዳንዴ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው።

ሕጉን ቶሎ ልጨርሰው። እኔ ሙያውን የተማርኩበት አዋጅ ቁጥር 123/1987 ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ነገሩ አዲስ ይሁን። ለሰፈራችን አዲስ ማለት አይደለም። በየትኛውም አገር ታትሞ፣ ተነግሮ ወይም በሥራ ላይ ውሎ ይፋ ከሆነ አዲስነቱ አበቃ። ሁለተኛ፣ ፈጠራዊ ብቃት ይኑረው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው አይቶ «ይኼማ ማንም ያስበዋል» ካለ አለቀ። ሦስተኛ፣ ተሠርቶ አገልግሎት ላይ መዋል የሚችል ይሁን። ግኝት፣ የሳይንስ ቲዮሪ፣ የሒሳብ ዘዴ ፓተንት አይሰጥባቸውም። ዛሬ ማታ አዲስ ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) ብታገኙ በስማችሁ ሊጠራ ይችላል፤ ፓተንት ግን አታወጡበትም።

ርዕሱ ይኸው ነው። አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

የዛሬ ሁለት ዓመት የተደረገውን የተማሪዎች የፈጠራ ውድድር ታስታውሳላችሁ። ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ ግማሻችሁ እዚያ ነበራችሁ። ሁለት ቴሌስኮፖች ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

አንደኛው የሦስት ተማሪዎች ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን መስታወት በእጃቸው ነው የፈተጉት። ከመስታወት ቤት ወፍራም ቁራጭ ገዝተው፣ በሁለት መስታወት መሀል የሞረድ ዱቄትና ውኃ ጨምረው፣ እየዞሩ ሲፈትጉ ከርመዋል። ቅርጹን የፈተሹት በምላጭና በትንሽ አምፖል ነው። ፈረንሳዊው ሊዮን ፉኮ በ19ኛው መቶ ዘመን ያወጣው ዘዴ ነው። ምላጩ ብርሃኑን ሲቆርጠው መስታወቱ ላይ ጥላ ይታያል። ያ ጥላ የአንድ ሚሊ ሜትር ሺሕኛ የማትሞላ ጉብታ እንኳ ያጋልጣል። ከዚያ የኬሚስትሪ መምህራቸው በብር ናይትሬትና በስኳር ለበጡላቸው። ቱቦው ከምናለሽ ተራ የተገኘ ነው፤ መቆሚያው ኮምፔንሳቶ ነው። ኋላው ክፍት ነው። የፈለገ ሰው ጎንበስ ብሎ ሁሉንም ያያል።

ሁለተኛው ጥቁር ቀለም የተቀባ ረጅም ሣጥን ነው። ኋላው በላሜራ ተዘግቷል። ላሜራው ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አዎ፣ የበር ቁልፍ! ባለቤቱ ጎበዝ የሚመስል ልጅ ነው። ውስጡን አሳየን ሲሉት «ፓተንት እየጠየቅሁበት ስለሆነ አልከፍትም» አለ።

ዳኞቹ መጡ። ከሦስቱ ተማሪዎች አንዷን «ምኑ ነው አዲሱ?» አሏት። እሷም እውነቱን ተናገረች። «ንድፉ የኒውተን ነው፤ መቆሚያው ጆን ዶብሰን የሚባል ሰው ያወጣው ነው። መስታወቱን ግን እኛ ነን የሠራነው» አለች። ዳኛው ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ጻፈ። ከጎኑ ስለነበርኩ አይቻለሁ። «ኮፒ» ይላል። ወደ ጥቁሩ ሣጥን ሄዱ። ቁልፉን አዩ። ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ሁለተኛ ሽልማት!

ልብ በሉ፤ አንድም ዳኛ በየትኛውም ቴሌስኮፕ ሰማይ አላየም። ውድድሩ ቀን ነበር።

ማታ ግቢው ውስጥ ሁለቱንም አወጣናቸው። ጁፒተር ከፍ ብላ ነበር። በተማሪዎቹ ቴሌስኮፕ ሁለቱ ቀበቶዎቿ፣ ጠቆር ያሉት የደመና መስመሮቿ፣ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ጨረቃዎቿ በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። በጥቁሩ ሣጥን ስናይ ደግሞ ጁፒተር እንደ ሽሮ ትንተከተካለች። ምክንያቱን እዚህ ያለ አባል ሁሉ ያውቀዋል። ቀን ሲሞቅ የዋለ መስታወት ከሌሊቱ አየር ጋር እኩል እስኪቀዘቅዝ ምስሉ አይረጋም። ሞቃቱ አየር መውጫ ይፈልጋል። መውጫውን ደግሞ ላሜራው ዘግቶታል። ምስጢር ጠባቂው ቁልፍ ነው ጁፒተርን ያበላሸብን።

ልጁ ከሳምንታት በኋላ ቢሮዬ መጣ። ቁልፉን ከፈተልኝ። ውስጡ ያለው ተገዝቶ የመጣ መስታወት፣ በ45 ዲግሪ የተቀመጠ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት፣ በቃ። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 የሠራው ዓይነት። ከ350 ዓመት በላይ የዓለም ሁሉ የሆነን ነገር ነው የቆለፈው።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? የራሱ የሆነች አንዲት ነገር ነበረችው፤ እሷ ከውጭ ነበረች! መቆሚያው ላይ የሳይክል ፍሬን ገጥሞበታል። ከባድ የዓይን ሌንስ፣ ዓይናችንን የምናስጠጋበትን የቴሌስኮፕ ሌንስ ማለቴ ነው፣ አውጥታችሁ ቀላል ስታስገቡ ቱቦው ሚዛኑ ይዛነፍና ዒላማችሁ ይጠፋል፤ ስንቴ አበሳጭቶናል! ልጁ እጀታዋን ጨበጥ ሲያደርግ ቱቦው ባለበት ቀጥ ይላል። ቀላል ናት። ታምራለች። የትም ተሠርታ እንደሆነ መፈለግ ነበረብን። ካልተሠራች ቢያንስ ለአነስተኛ ፈጠራ የምስክር ወረቀት ልትቀርብ ትችላለች። ለዚያ አዲስነትና ጥቅም ላይ መዋል እንጂ ፈጠራዊ ብቃት አይጠየቅም። 5 ዓመት ይሰጣል፤ ለ5 ዓመት ይታደሳል። እሱ ግን ፍሬኗን ሺሕ ሰው ፊት አውጥቶ፣ የኒውተንን መስታወት ደብቆ ቆመ።

ልጁን አልወቅሰውም። ማን አስተማረው? የውድድሩ ፎርም ነው ያስተማረው! «አዲስ ፈጠራ» ከሚለው ሌላ መሙያ ቦታ የሌለው ፎርም! አንድ ልጅ የታወቀውን ነገር አጥርቶ ከሠራ ዜሮ፣ ከዋሸ ዋንጫ! ካሜራ የያዙትም አሉበት። «ወጣቱ ቴሌስኮፕ ፈለሰፈ» ብለው ይዘግባሉ። ቴሌስኮፕ ተፈልስፎ ካደረ አራት መቶ ዓመት አልፎታል! እኛስ? እኛም አጨብጭበናል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያጨበጨቡትን አውቃለሁ።

ቴሌስኮፕ ራሱ ፓተንት ተከልክሎ ነው የተወለደው። ሃንስ ሊፐርሄይ የሚባል የመነጽር ሠሪ ነበር፤ ሚደልበርግ የምትባል የኔዘርላንድ ከተማ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1608 ሄግ ሄዶ «ሩቁን የሚያቀርብ መሣሪያ ሠርቻለሁ፤ ፓተንት ይሰጠኝ» አለ። ብዙም ሳይቆይ ያኮብ ሜቲየስ የተባለ ሌላ ሰው ከአልክማር መጥቶ «እኔም አለኝ» አለ። ሦስተኛም ተሰማ። ባለሥልጣኖቹ ነገሩን አዩት። ሁለት ሌንስ አንድ ቱቦ ውስጥ። ማንም ይሠራዋል። ፓተንቱን ከለከሉት። ግን ባዶ እጁን አልሸኙትም፤ በሁለት ዓይን የሚታይበት እንዲሠራላቸው አዘው 900 ጊልደር ከፈሉት። ጥሩ ሥራ በጥሩ ዋጋ!

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በቀጣዩ ዓመት ክረምት እንግሊዝ ውስጥ ቶማስ ሃሪየት የሚባል የሒሳብ ሊቅ በቴሌስኮፕ ጨረቃን አይቶ ሥዕሏን ሣለ። ጋሊሌዮ ወሬውን ሰምቶ የራሱን ሠራ፤ የቬኒስን ሹማምንት አሳያቸው፤ ደመወዙ ተጨመረለት። በጥር 1610 የጁፒተርን ጨረቃዎች አገኘ። ብልጥ ነው፤ ፍሎረንስን ይገዛ በነበረው በሜዲቺ ቤተሰብ ስም ጠርቷቸው እዚያው ሥራ አገኘባቸው። ጋሊሌዮን ማንም «ኮፒ ነህ» ብሎ ዜሮ አልሰጠውም።

«ታዲያ ፓተንት አያስፈልግም ነው የምትለው?» የሚል ይኖራል። እንጀራዬ እኮ ነው! ሲገባ ይገባል። የአል ናግለርን የዓይን ሌንስ ያየ እጁን ያውጣ። አሜሪካዊ ነው፤ የአፖሎ ጠፈርተኞች የሠለጠኑበት ማስመሰያ ላይ ኦፕቲክስ ይሠራ ነበር። በኋላ 82 ዲግሪ ስፋት የሚያሳይ ሌንስ አወጣ። በፊት የነበሩት ሰፊ ሲሆኑ ጠርዛቸው ላይ ኮከቡ ይለጠጥ ነበር። እሱ ግን ጠርዙንም አጠራው። እ.ኤ.አ. በ1981 ፓተንት አገኘ። ይገባዋል። ያ ፓተንት ጊዜው አልቋል፤ ዛሬ 82 ዲግሪ ሌንስ ብዙ ፋብሪካ ይሠራል። ሕጉ የተጻፈው እንዲህ እንዲሆን ነው። ምስጢርህን ጽፈህ ስጥ፣ ለተወሰነ ጊዜ ያንተ ብቻ ይሁን፣ ከዚያ የሁሉም። በአዋጃችን ያ ጊዜ 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ከተሠራበት 5 ይጨመራል። ቁልፍ የሚባል ነገር የለበትም። ማመልከቻው ራሱ ሙያተኛ አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ ግልጽ መሆን አለበት።

ጆን ዶብሰንም አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ መነኩሴ ነበር፤ ከመርከብ መስኮት መስታወት ቴሌስኮፕ ይሠራ ነበር። ገዳሙ አሰናበተው። እሱም መንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ሰማይ ያሳይ ጀመር። በኮምፔንሳቶና በፎርማይካ የሠራውን መቆሚያ ለፈለገ ሁሉ አስተማረ፤ ፓተንት አላወጣበትም። ዛሬ ውጭ ግቢ ውስጥ ከቆሙት አብዛኞቹ በሱ መቆሚያ ላይ ናቸው።

ጸሐፊያችን ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። የቀሩትን ልሩጥባቸው።

አዲስ ሐሳብ ያለው ሰው ከማሳየቱ በፊት ያመልክት። አዋጁ አመልካቹ ራሱ ላወጣው ነገር 12 ወር ይታገሣል፤ ብዙ አገሮች ግን አይታገሡም። «ፓተንት አስወጣልሃለሁ» ብሎ ከተማሪ ብር የሚቀበል ደላላ ካያችሁ ጠቁሙኝ። ውጭ አገር ፓተንት ያለው፣ እዚህ ያልተመዘገበ ነገር ማስገባት ለምትፈልጉ ደግሞ አስገቢ ፓተንት የሚባል አለ። እሱን በሻይ ሰዓት ጠይቁኝ።

አሁን ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይኸው። በሚቀጥለው ውድድራችን ፎርሙ ሁለት ክፍል ይኑረው፤ አንዱ ለአዲስ ሐሳብ፣ አንዱ የታወቀውን አጥርቶ ለሠራ። ሽልማቱ እኩል ይሁን። ቴሌስኮፑ ይከፈት። ዳኛ የሆነ ሁሉ ማታ መጥቶ ዓይኑን ሌንሱ ላይ ሳያደርግ ነጥብ አይስጥ። ማታ መውጣት የማይመቸው ዳኛ ካለ በሌላ ይተካ። ረቂቁን ለሰብሳቢያችን ሰጥቻለሁ፤ የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር፤ ከዚያ ድምፅ እንስጥ።