ለጊዜው የተተከለ ጥላ

እንደምን ዋላችሁ፣ ወዳጆቼ። ዛሬ ድምፄ ከወትሮው ለየት ብሎ ከመጣ ቤት ውስጥ ስላልሆንኩ ነው። ጅማ፣ ቆጪ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ ከቡናው መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ሚያዝያ ነው፤ ዝናቡ ከሰሞኑ በደንብ ይዟል። ከቅጠሉ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማችሁ ይሆናል። እግሬ ሥር መጋዝ አለ። ከጠዋት ጀምሮ አጠገቤ ነው፣ እስካሁን አላነሳሁትም።

ልቆርጠው የመጣሁት የርግብ አተር ነው። የአተር ዘመድ ነው፣ ግን ግንዱ እንጨት የሚሆን ቁጥቋጦ ነው። ቁመቱ እኔን አልፎ አንድ ክንድ ይጨምራል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት እየሆነ ነው የሚወጣው፤ ከሥሩ በጣት ስትነኩት እንደ ከፋይ ይለሰልሳል። መነሻው ሕንድ ነው፤ ክኩን እዚያ የዘወትር ምግብ አድርገውታል። እኛም አገር በደቡብ በኩል፣ ዝናብ በሚያጥርበት አካባቢ የሚዘሩት አሉ። ጅማ ላይ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዝናብ ለጠገበ አገር ድርቅ የሚችል ተክል ምን ያደርጋል? መጀመሪያ እኔም እንደዛ ነበር ያልኩት።

ነገሩ የጀመረው በሰሳው ነው። አባቴ ወጣት ሳለ የተከለው ሰሳ የሚባል የጥላ ዛፍ ነበረን። ጥላው ግማሽ ግቢ ይሸፍን ነበር፣ ቡናውም ከሱ ሥር ነው ያደገው። አባቴ ባረፈ በዓመቱ፣ በ2013፣ ከጀርባችን ግንባታ የጀመሩ ሰዎች ቅርንጫፉ አስቸገረን ብለው ዛፉን ከነግንዱ ጣሉት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ማታ ስገባ ግቢው ሰማይ ሰማይ ብቻ ሆኖ ጠበቀኝ። ስለሱ ከዚህ በላይ አላወራም፣ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሮጌው ቡና ስለደከመ በዚያው ክረምት ስልሳ ችግኝ ተከልኩ። 74110 ይባላል፤ ከዚሁ ከጅማ፣ መልኮ ካለው የምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ ነው። በፈረንጆቹ 1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ገበሬውን ሲጨርስ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎች ከየጫካው ይመረጡ ነበር፤ 74 የሚለው የተመረጠበት ዓመት ነው። በአጠገቡም አንድ የሰሳ ችግኝ የአባቴ ሰሳ በነበረበት ቦታ ላይ ተከልኩ። ሰሳ ግን ጥላ እስኪሆን ዓመታት ይፈልጋል። ጥር ደረሰ፣ የካቲት ደረሰ፣ ፀሐዩ ባዶ ግቢ ላይ ወረደ። የቡናው ቅጠል መጀመሪያ ገረጣ፣ ከዚያ ጫፉ እንደተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ሆነ። ከስልሳው አሥራ ዘጠኙ ሞቱብኝ። የቀሩትን በእንሰት ቅጠል እየከለልኩ አወጣኋቸው።

ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ አሉ፣ አባባ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ውስጥ ነው የኖሩት። አጥሩን ተደግፈው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ሕፃን ያለ ሞግዚት አሳድጋለሁ ብለሽ ነው እንዴ? ሰሳው እስኪደርስ ለጊዜው የሚያጠላለት ፈልጊለት» አሉኝ። ቡና ውስጥ ያደጉ ሰዎች ጊዜያዊ ጥላ ይሉታል። ቶሎ የሚያድግ፣ የቡናውን ምግብ የማይሻማ፣ ቋሚው ጥላ ሲደርስ የሚነሳ ነው።

ዘሩን ያገኘሁት ከሥራ ባልደረባዬ ነው፣ የኮንሶ ልጅ ናት። ኮንሶን የማታውቁት አትኖሩም፤ በድንጋይ የተካበው እርከናቸው ሰኔ 2003 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። በፌስታል ቋጥራ ሁለት እፍኝ ሰጠችኝና፣ «እኛ ጋ ድንጋይ ላይ ይበቅላል፣ ብዙ አታስቢለት» አለችኝ። እኔ ግን አብዝቼ አሰብኩለት። ግንቦት 2014 ላይ አፈሩን አልሰልሼ፣ ፍግ አልብሼ፣ የጣሪያው ውሃ የሚፈስበት ረባዳ ላይ ዘራሁት። ዝናብ ሲዘገይ ደግሞ በጆግ አጠጣሁት። ነሐሴ ላይ፣ አፈሩ ውሃ ጠግቦ እግር ሲውጥ፣ አንዱ ጠወለገ። የጠማው መስሎኝ አሁንም ውሃ ጨመርኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ሄዱ።

አባባ አንዱን ነቀሉና ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ በጥፍራቸው ላጥ አደረጉት። ጠቁሯል። ሥሩን አፍንጫቸው ጋ አቀረቡና ለእኔም ሰጡኝ። እንደ ረጋ የኩሬ ውሃ ይሸታል። «ይሄ ተንፍሶ ነው የሚኖረው፣ ሥሩን አፍነሽ ገደልሽው» አሉኝ። ያን ቀን አለቀስኩ። አባቴም ሰሳውም ቡናውም፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣብኝ መሰለኝ።

በቀጣዩ ዓመት ሌላ አደረግኩ። በቡናው መስመሮች መሀል አፈሩን ከምሬ ቁመቱ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ የሚል መደብ ሠራሁ፣ ከጎኑ ውሃው ወደ አዌቱ ወንዝ አቅጣጫ የሚወርድበት ቦይ ቀደድኩ። ፍግ የሚባል ነገር አላስጠጋሁም። ዘሩን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሬ፣ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ሦስት አድርጌ፣ አንድ የጣት አንጓ ያህል ቀበርኩት። ሲበቅሉ ጠንካራውን ትቼ ሁለቱን ነቀልኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ትዕግሥት ይፈትናል። ከጉልበት አይበልጥም፣ አረሙ ይቀድመዋል። እኔ በየቅዳሜው ተንበርክኬ አርሜያለሁ። ይህን የምላችሁ ለመትከል ያሰባችሁ ካላችሁ ነው፤ ከበቀለ በኋላ የሚፈልገው እንክብካቤ በዋናነት ይህ ነው፣ አረሙን ማንሳት። ሥሩ ከያዘ በኋላ ክረምቱን ብቻ ከውሃ ማቆር አድኑት፣ በበጋው ራሱን ይችላል። ሥሩ ሁለት ሜትር ያህል ወደታች ይወርዳል፣ እኛ የማንደርስበትን እርጥበት ያገኛል። ጥር ላይ ሣሩ ሁሉ ሲደርቅ የኔዎቹ አረንጓዴ ነበሩ፤ አንድ ጆግ ውሃ አላጠጣኋቸውም።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። በመጀመሪያው ክረምት አንዱን ችግኝ በአካፋ ቀስ ብዬ ከነአፈሩ አነሳሁት። በቀጫጭኑ ሥር ላይ ምስር የሚያካክሉ ጉብጉቦች ተለጣጥፈው ነበር። አንዱን በጥፍሬ ሰበርኩት፣ ውስጡ ሮዝ ነው፣ ሥጋ ይመስላል። የሮዝነቱ ምክንያት የእኛን ደም ከሚያቀላው ጋር የሚዛመድ፣ ኦክስጅን የሚይዝ ንጥረ ነገር ነው። እዚያ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ማዳበሪያ ያደርጉለታል። ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው።

ስለ አፈራችንም አንድ ነገር ልበላችሁ፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ እሱ ነው። የጅማ ቀይ አፈር እጅ ያቀላል፤ ልብስ ላይ ካረፈ ቢታጠብም ቶሎ አይለቅም። ቀይ ያደረገው ብረት ነው። ይኸው ብረት ፎስፈረስን አንቆ ይይዘዋል፤ ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ ይራባል። ሕንድ ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1990 ያሳተሙት ጥናት እንደሚለው፣ የርግብ አተር ከሥሩ አንድ ዓይነት አሲድ እያወጣ ብረቱን ይይዘውና ፎስፈረሱን ያስለቅቀዋል። ይህን ያነበብኩ ማታ ባትሪ ይዤ ወጥቼ መደቡ አጠገብ ቆምኩ። የሚታይ ነገር የለም። ቆሜ ብቻ አየሁት።

ስለ አበባው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ታህሳስ ላይ ነው የሚያብበው። ቢጫ ነው፣ ከጀርባው ግን ቀይ መስመር የተሰመረበት፤ ሳይፈነዳ ቀይ፣ ሲፈነዳ ቢጫ ይመስላል። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ትልልቅ ጥቁር ንቦች ይመጣሉ፣ አበባው በክብደታቸው ወደታች ይጎነበሳል። የባልደረባዬ ወንድም ከኔ ዘር ወስዶ ዘግይቶ ነሐሴ ላይ ዘርቶ ነበር። የሱ ወገብ እንኳ ሳይደርስ፣ የኔ ከራሴ በላይ ሆኖ፣ ሁለቱም ታህሳስ ላይ አበቡ። የሚጠብቀው የቀኑን ማጠር ነው። ጅማ ላይ በረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። እኛ ልብ የማንለውን እሱ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ቁመት የፈለገ ሰው በግንቦት ይዝራ።

እሸቱን ቀቅለን በልተናል። ከደረቁ ክክ ወጥ ሠርቻለሁ፤ የምግብ ነገር የሚያስጨንቃችሁ ካላችሁ፣ ከመቶ ግራም ደረቅ ፍሬ ውስጥ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው። ለዘር ያስቀመጥኩትን ነቀዝ እንዳይበላው ከምድጃ አመድ ጋር ለውሼ ነው የያዝኩት። ሁለተኛው ዓመት ላይ ጓይ ትል ገብቶ እሸቱን እየቦረቦረ አስቸግሮኝ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት በእጄ ለቅሜ ጨረስኩት።

እንግዲህ ቡናው አድጓል። አርባ አንዱም አሉ። አምና የመጀመሪያውን ፍሬ ለቀምን፣ ዘንድሮ ደግሞ ከዚያ የበለጠ። ሰሳውም ከጣሪያው አልፏል፣ ቅርንጫፉን መዘርጋት ጀምሯል። አባባ በበጋ፣ «አሁን አትንኪው፣ ቡናው ድንገት ፀሐይ ላይ ይወድቃል። ዝናብ ሲይዝ፣ ግማሹን ዘንድሮ፣ ግማሹን ለከርሞ» ብለውኝ ነበር። ዝናብ ይዟል።

እኔ ወደ ጅማ የተመለስኩት አባቴን ላስታምም ለጊዜው ነበር። አዲስ አበባ የተከራየሁትን ቤት እንኳ አልለቀቅኩም ነበር፣ ሦስት ወር ብዬ። ከዚያ አባቴ አረፈ፣ ታናናሾቼ ትምህርት ላይ ነበሩ፣ ከዚያ ቡናው መጣ። ስምንት ዓመት ሆነኝ። ሰዎች አሁንም «መቼ ነው የምትመለሺው?» ይሉኛል፣ እኔም «ለጊዜው ነው ያለሁት» እላለሁ። ባለፈው ክረምት ታናሿ ተመርቃ ሥራ ያዘች፣ ስልክ ደውላ «እትዬ፣ አሁን እንኳ ለራስሽ ኑሪ» አለችኝ። በቅንነት ነው ያለችው። ስልኩን ዘግቼ እዚህ ቦታ ላይ መጥቼ ተቀመጥኩ። ለራሴ አልኖርኩም ነበር እንዴ ብዬ ነበር የማስበው። ያን ጊዜ በየቅዳሜው አረም የማርመው፣ ማታ ባትሪ ይዤ የምወጣው፣ ያ ሁሉ የማን ኑሮ ነበር? መልሼ አልደወልኩላትም። ይህን ስትሰማ ትደውልልኛለች።

ሥሩን አልነቅልም። ከአፈሩ ከፍ አድርጌ ነው የምቆርጠው፤ ሥሩ እዚያው ይበሰብሳል፣ ያጠራቀመው ናይትሮጅን ለቡናው ይቀራል። ቅጠሉን ቡናው ሥር አለብሰዋለሁ፣ ግንዱ ሲደርቅ ማገዶ ነው፣ ለስላሳውን ቅርንጫፍ የአባባ ፍየሎች ይጠብቁታል። በአጥሩ ጥግ ያሉትን ሁለቱን እተዋቸዋለሁ፤ ታህሳስ ላይ ጥቁሮቹ ንቦች ሲመጡ የሚያርፉበት እንዲያገኙ። አመድ ውስጥ ያለውን ዘር ደግሞ አባባ ለልጅ ልጃቸው ጠይቀውኛል፣ አዲስ ቡና ሊተክል ነው።

በሉ፣ ዝናቡ ጋብ ብሏል። ከምሥራቁ መስመር እጀምራለሁ። ቻው።