ፎቶ የማነሳው ሁሌ እኔ ነኝ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ወንድምና እህት ፉክክር ካወራን በኋላ ስልኩ አላቆመም። የሚገርመው፣ አብዛኛው ደዋይ ያነሳው ፉክክርን አልነበረም። «ቤተሰቡ ሁሉ ጎበዝ ነው፣ ተራ ሰው እኔ ብቻ ነኝ» የሚል ነው። በአየር ላይ ያልተዳረሱትንም ጨምሬ እዚህ መልሻለሁ።

አንዲት የ27 ዓመት አድማጭ፦ «አባቴ ተመራማሪ ነው፣ እናቴ ቀዶ ሐኪም ናት፣ ታላቅ እህቴ ፒያኒስት፣ ታናሼ ደግሞ ገና በ16 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የገባ ቀለሜ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ቤት ስንሰበሰብ ሁሉም በየተራ ይጠየቃል፣ ይወራለታል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ‹አንቺስ ደህና ነሽ?› ተብዬ ታለፍኩ ማለት ነው። በቀደም የቤተሰቡን ፎቶዎች ሳገላብጥ አብዛኛው ላይ የለሁም። ለካ ፎቶ የማነሳው ሁሌ እኔ ነኝ። ይሄ ቅናት ነው?»

ትንሽ ቅናት ቢኖርበት አይገርመኝም፣ ዋናው ግን እሱ አይመስለኝም። ያወራሽኝ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች አሉ፤ ሰው ደግሞ ሁሌ ይደባልቃቸዋል። አንዱ «እንደነሱ ጎበዝ አይደለሁም» የሚለው ነው። ሌላው «ማንም ከጉዳይ አይጥፈኝም» የሚለው ነው።

የትኛው እንደሚያምሽ ለማወቅ እስቲ ይህን አስቢ። ነገ እናትሽ ትደውልልሻለች፣ ስለ እህትሽ ኮንሰርት አንድም ቃል አታነሳም፣ ያን ሰሞን ወገብሽን የቆረጠውን የዓመት ሒሳብ መዝጋት ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየጠየቀች ታዳምጥሻለች። ከዚያ በኋላም ፒያኖ መቻል ያምርሻል? ካላማረሽ የጎደለሽ ተሰጥኦ አይደለም። «አንቺም የራስሽ ተሰጥኦ አለሽ፣ ፈልጊው» የሚለውን ምክር የማልወደው ለዚህ ነው። ምክሩ ቤቱ ያስተማረሽን ሕግ ነው መልሶ የሚያነብልሽ፤ ይወራልሽ ዘንድ መጀመሪያ ሜዳሊያ አምጪ።

ደግሞስ ችሎታ ያለው ሁሉ መች ታየ? የታዋቂው ሙዚቃ ደራሲ የሞዛርት ታላቅ እህት ማሪያ አና በልጅነቷ ከወንድሟ ጋር አውሮፓን እየዞረች በየቤተ መንግሥቱ የተጫወተች ናት። እ.ኤ.አ. በ1769፣ 18 ዓመት ሲሆናት፣ አባትየው ወንድ ልጁን ብቻ ይዞ ጣሊያን ሄደ። እሷ ከእናቷ ጋር ቤት ቀረች። ሙዚቃም ትደርስ እንደነበር ወንድሟ በደብዳቤው እየተደነቀ ጽፏል፤ ከድርሰቶቿ ግን አንድም ለእኛ አልደረሰም። መቼስ ችሎታ አንሷት ነው አይባልም።

አሁን ወደ አንቺ። እናትሽን «ለምን አታዩኝም?» ብለሽ አትጀምሪ። እውነት ቢሆንም ክስ ነው። የተከሰሰ ሰው ደግሞ ራሱን ይከላከላል፤ «መቼ ለይተን አየንሽ? ምን ጎደለብሽ?» ትልሻለች፣ ከዚያ ያው ኩርፊያ ነው። ትንሽ ነገር፣ ቀን ያለው ነገር ጠይቂ። «ማክሰኞ ማታ አንድ አሥራ አምስት ደቂቃ ስጪኝ፣ ሥራ ቦታ የገጠመኝን ላውራሽ» በያት።

ሌላም አለ፣ እንዳትቀየሚኝ። «ደህና ነሽ?» ሲሉሽ ምን እንደምትመልሺ በስልክ ስጠይቅሽ ሳቅሽና «ደህና፣ ምንም አዲስ ነገር የለም» አልሽኝ። ይኸውልሽ! ጥፋቱ ያንቺ ነው እያልኩ አይደለም። እነሱ በሩን ዘግተውብሽ ዓመታት ሲያልፉ አንቺም ከውስጥ ቆልፈሽዋል። በሚቀጥለው ስትገናኙ የምታወሪውን አንድ ነገር ይዘሽ ሂጂ፣ አንድ ብቻ። ስልኩን ደግሞ ለታናሽሽ ስጪውና መሃላቸው ገብተሽ ቁሚ።

የ20 ዓመት ወጣት፦ «ታላቅ ወንድሜ በሁለት ዓመት ነው የሚበልጠኝ። ሁለታችንም የሒሳብ ተማሪዎች ነን፤ እሱ ግን ሰቃይ ነው። ሲሸለም አጨበጭብለታለሁ፣ ውስጤ ግን እርር ድብን ይላል። የማላውቀው ሰው ቢሸለም ምንም አይመስለኝም። ክፉ ሰው ነኝ?»

አይደለህም። የማታውቀው ሰው ሲሸለም ለምን እንደማይቆጠቁጥህ እኮ ራስህ መልሰኸዋል፣ ሩቅ ስለሆነ ነው። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስቀመጠው ሰው ራሱን የሚለካው ከሚመስለው ሰው ጋር ነው። በኋላ ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አብርሃም ቴሰር ነገሩን ገፋ አድርጎ አየው። የቅርብህ ሰው ሲበልጥህ የሚያምህ ነገሩ ለማንነትህ ትልቅ ቦታ ያለው ሲሆን ነው። ወንድምህ በሩጫ ቢያሸንፍ ኖሮ «ወንድሜ እኮ ነው!» እያልክ ለሰው ሁሉ ታወራ ነበር፣ ክብሩ ላንተም ይተርፋል። አሁን ግን ያው ቤት፣ ተቀራራቢ ዕድሜ፣ ያው ሙያ። ሁሉም ተገጣጥሞብሃል።

ብዙ ወንድማማቾች ሳይነጋገሩ ሜዳ ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ትምህርቱን ሲይዝ ሌላው ወደ ኳስ ወይ ወደ ጨዋታ አዋቂነት ይሄዳል። አንተም ትምህርት ልቀይር ይሆን እያልክ እንደሆነ ነግረኸኛል። ከመቀየርህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ብቻህን ሆነህ፣ ማንም ሳያይህ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ያስቸገረህ ጥያቄ ሲፈታልህ ምን ይሰማሃል? ብድግ ብለህ በክፍሉ ውስጥ ከተንጎራደድክ ሒሳብን አትተው። እሱ ስለያዘው ብቻ ልትለቅለት አይገባም። ምንም ካልተሰማህ ግን መቀየሩም አያሳፍርም፣ ያኔ የምትወጣው ወንድምህን ሸሽተህ ሳይሆን ስላልወደድከው ነው።

በጽሑፍ መልእክት የደረሰን፦ «የአይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ) ፈተና ልፈተንና ይውጣልኝ?»

አይውጣልህ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚህ ፈተና ከ1,500 የሚበልጡ ባለ ልዩ ተሰጥኦ ልጆችን መርጦ መከታተል ጀመረ። ነጥባቸው አልደረሰም ተብለው ከቀሩት ልጆች ሁለቱ፣ ዊሊያም ሾክሌይ በ1956፣ ሉዊስ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ ኖቤል ወሰዱ። (አንተም ኖቤል ትወስዳለህ ማለቴ አይደለም፣ እንዲህ ዓይነት ማጽናኛ ያናድደኛል።) ዝቅ ያለ ቁጥር ቢመጣ ታዝናለህ፣ ከፍ ያለ ቢመጣ ደግሞ ቤት ወስደህ ልታሳያቸው ነው። ተመልሰህ እዚያው ነህ።

የሦስት ልጆች እናት፦ «ሁለቱ ልዩ ተሰጥኦ አላቸው፣ ከውድድር ወደ ውድድር ስንሯሯጥ ነው የምንውለው። መሃለኛው ዝም ብሏል። እንዴት ልያዘው?»

መጀመሪያ ዝምታውን ማየትዎ ትልቅ ነገር ነው። ልጆች ወላጅ ለማን ስንት ሰዓት እንደሰጠ ከወላጁ በላይ ያውቃሉ። ደስ የሚለው፣ ልዩነቱ ሁሌ አይጎዳም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የተመራማሪዎቹ የኮዋልና የክሬመር ጥናት ከ11 እስከ 13 ዓመት የሆኑ ልጆችን ጠይቆ ነበር፤ ልጆቹ ምክንያቱ ሲገባቸው የተለያየ አያያዝን ብዙውን ጊዜ «ልክ ነው» ብለው ይቀበሉታል። እና ይንገሩት። «ይህን ወር እህትህ ጋ ነው የምሮጠው፣ ቅዳሜ ጠዋት ግን ያንተ ነው» ይበሉት፤ ቅዳሜ ደግሞ ከሰማይ በታች ምንም ቢመጣ አይሰረዝም።

አደራ፣ «እሱ ደግሞ ልቡ ጥሩ ነው» እያሉ በሰው ፊት አያስተዋውቁት። የማጽናኛ ሽልማት መሆኑን ልጅ ያውቃል።

የ61 ዓመት አባት፦ «ወላጆቼ አልፈዋል። ታላቅ ወንድሜ ስመ ጥር ሰው ነው፣ ዛሬም ሰው የሚያውቀኝ ‹የእገሌ ወንድም› በሚል ነው። በዚህ ዕድሜ ምን ይደረጋል?»

ጋሼ፣ ወላጆችዎ ሳይሰጡዎት የሄዱትን አሁን የሚተካ ሰው የለም፤ አለ ብዬ አልሸነግልዎትም። «በ61 ዓመቴ በዚህ ላልቅስ?» ብለው እንደሆነ ግን፣ አዎ፣ ሆድዎ ቢብስ አይፈሩበት።

ሌላው፣ በዚያ ቤት የነበረውን ሁሉ ያየ አንድ ምስክር በሕይወት አለልዎት፣ ወንድምዎ። እሱም ቢሆን ከዝናው ውጭ የሚጠይቀው ሰው ካጣ ስንት ዘመኑ ይሆን? ስለ ሥራው ምንም ሳያነሱ «ልጅ ሆነን እኔ ምን ሳደርግ ነው ትዝ የምልህ?» ብለው ይጠይቁት። በስልክ አይሁን፣ ሰው በሌለበት፣ ፊት ለፊት። ቶሎ ካልመለሰ አያግዙት። ያስብ፣ ይጠብቁት።