ክንፍ ስለሚባለው ቆዳ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ድመት የምታሳድጉ ወገኖቼ፣

«ክንፍ ያበቀለች ድመት» የሚለው ወሬ ከመቶ ዓመት በፊትም በእንግሊዝ ጋዜጦች ይወጣ ነበር፤ ዛሬም ፎቶግራፉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዳንዱ ክንፍ የተቋጠረ ጸጉር ብቻ ነው፤ ሲሸለት ያልቃል። ሌላው ግን ከትከሻ ላይ ተለጥጦ የተንጠለጠለ ቆዳ ነው። ሰው የሚደነቅባት ያቺ ድመት ታማለች።

ሕመሙ በሰው ላይ ኤለርስ ዳንሎስ ከሚባለው ጋር አንድ ወገን ነው። ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ተበላሽቶ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች በአንዲት ድመት ላይ ያገኙት ጉድለት፣ በሰውም ላይ ይህንኑ ሕመም በሚያመጣ ዘረመል ውስጥ ነበር።

ቁስሉን ያየ ሐኪም አይረሳውም። ድመቷ ራሷን ስታክ ቆዳዋ እንደ ራሰ ወረቀት ይተረተራል። ቁስሉ አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ደሙ ግን ጥቂት ነው። ሲድንም ስስ ጠባሳ ይተዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ባለቤቱን በጭካኔ ይጠረጥራል፤ እንስሳውን ለሚወድ ሰው ከዚህ የከፋ ሐዘን የለም።

መለኪያው ቀላል ነው። የወገቧን ቆዳ በቀስታ ወደ ላይ አንሥታችሁ ከፍታውን ለኩ፤ ከራስ ቅሏ ኋላ እስከ ጅራቷ ሥር ላለው ርዝመትም አካፍሉት። ርዝመቷ 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቆዳው 10 ከተነሣ 25 በመቶ ነው። ከ19 በመቶ ካለፈ ልትጠረጥሩ ይገባል። በስተርጅና ቆዳዋ የሳሳባት ድመት ግን ሌላ ምክንያት ሊኖራት ስለሚችል አብራችሁ መርምሩ።

ፈውስ የለውም። አንዳንድ ሐኪሞች ቫይታሚን ሲ ይሰጣሉ፤ ዋናው ግን ጥበቃ ነው። ጥፍሯ ይከርከም፤ ቁንጫ አይጠጋት፤ ስለታም ጠርዝ ያለው ዕቃ ይራቅ፤ ከሚቧጭሯት ድመቶች ትለይ። በአንደኛው የውርስ ዓይነት ከአንድ ወላጅ ብቻ የተወረሰ ዘረመል ስለሚበቃ፣ እያንዳንዱ ግልገል ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለችውን ድመት አታስወልዱ፤ «ክንፏ» ያማረ መስሎት ግልገሏን የሚጠይቃችሁን ሰውም እምቢ በሉት።

ባልደረቦቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። ድመትን በማጅራቷ ጨምድዶ ማንሣት የለመደ እጅ በመካከላችን ብዙ ነው። የዚህችን ድመት ቆዳ ያ እጅ ሊገሽልጠው ይችላል። ማን ታማሚ እንደሆነች ቀድመን አናውቅምና ሁሉንም ከደረታቸውና ከኋላቸው ደግፋችሁ አንሡ። አመሰግናለሁ።