ትከሻችሁ የሚችለው ጥይት
ዴንቨር፣ ኮሎራዶ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤልክ ለማደን ለሚዘጋጁ ወገኖች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ? ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ጋሼዎች፣ እናንተ ባላችሁበት ስለ ጠመንጃ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ። እዚህ የቆምኩት ጎበዝ አዳኝ ስለሆንኩ ሳይሆን ቀድሜያችሁ ስለተሳሳትኩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከመካከላችሁ አንዱ ደወለልኝ። "ትልቁ ጥይት የቱ ነው? እሱን ልግዛና ልገላገል" አለ። አልፈረድኩበትም። ኤልክ ከአጋዘን ወገን የሆነ ግዙፍ የዱር እንስሳ ነው፤ ወንዱ 300 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት በዚሁ ሒሳብ ነው 338 ማግነም የሚባል ኃይለኛ ጠመንጃ የገዛሁት።

ተኩስ ሜዳ ወስጄ ሦስት ጊዜ ተኮስኩበት። በሦስተኛው ትከሻዬ ደነዘዘ። "በቃ፣ ይሠራል" ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ኦክቶበር ላይ አንድ ኤልክ 150 ሜትር ላይ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ከዚህ የተሻለ ዕድል አይገኝም። ግን ጠመንጃው ሳይጮህ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ትከሻዬ የሚመጣበትን ምት አውቆ ሸሸ። ሳንባውን ማግኘት ሲገባኝ ሆዱን መታሁት። ቀኑን ሙሉ በበረዶው ላይ ደሙን ስንከተል ዋልን። ያገኘነው በማግስቱ ነው፤ ሥጋው ተበላሽቷል። የዚያን ቀን ከኋላዬ ይሄድ የነበረው ጓደኛዬ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኛ ሁሉንም በአንድ ስም ጥይት እንለዋለን። ሱቅ ስትገቡ ግን ቀለሃውን፣ ባሩዱንና አረሩን ለይታችሁ እዩ። ማግነም ማለት በአጭሩ ትልቅ ቀለሃና ብዙ ባሩድ ነው። ኤልኩ ጋ የሚደርሰው ግን አረሩ ብቻ ነው። ሰዉ ስለ ባሩዱ ሲከራከር ያድርና አረሩን ርካሽ ይገዛል። የመዳብ ልባሱ ስስ የሆነ አረር የትከሻ አጥንት ሲያገኝ እዚያው ይበታተናል፤ ሳንባ ድረስ አይዘልቅም። ለኤልክ እርሳሱ ከልባሱ ጋር የተጣበቀ ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ግዙ። የእርሳስ አረር ሌላም ጣጣ አለው። ፍርፋሪው ሥጋው ውስጥ ይቀራል፣ በዓይንም አይታይም። ማብሰልም አያጠፋውም። ክትፎ ስትሉ የሰማኋችሁ ወዲያ ማዶ፣ ይኼ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የዱር ሥጋ ጥሬውን አይበላም። አብስሉት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ የሚጠይቀው ቢያንስ 0.24 ኢንች ስፋት ያለው፣ 85 ግሬን (5.5 ግራም ገደማ) የሚመዝን አረር፣ በ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ደግሞ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ነው፤ ፉት ፓውንድ የአረር ጉልበት መለኪያ ነው። የእኔ ምርጫ 30-06 የሚባለው ጥይት ነው፤ እዚህ "ሰርቲ ኦት ሲክስ" ይሉታል። በ1906 ለአሜሪካ ጦር የወጣ ነው። ጋሼዎች ታውቁታላችሁ፤ የቃኘው ልጆች ኮሪያ ላይ የያዙት ኤም ዋን ጠመንጃ የሚጎርሰው ይኼንኑ ነበር። የ180 ግሬን አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ወደ 2,900 ፉት ፓውንድ ይይዛል። በ300 ያርድ እንኳን ከ1,700 በላይ ይቀረዋል።

300 ዊንቼስተር ማግነም ይበልጣል፣ እውነት ነው። 3,500 ገደማ ይደርሳል። ሁለቱን ጠመንጃዎች በ200 ያርድ ልክ ዒላማውን እንዲመቱ ብታስተካክሏቸው፣ በ300 ያርድ አረራቸው ሲወርድ ያለው ልዩነት አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህች አራት ሳንቲ ሜትር ትከሻችሁ በየተኩሱ ዋጋ ይከፍላል። 338ቱማ ይብሳል፤ አይቼዋለሁ።

"ግን ጉልበት ያለው ይሻላል" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዎልተር ቤል የሚባል ስኮትላንዳዊ ነበር፤ ካራሞጆ ቤል ይሉታል። ከ1,000 በላይ ዝሆን ገድሏል። ለአደን እኛ አገር ደቡብ ምዕራብ ድረስ ዘልቋል። አብዛኛውን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ነው፤ ዛሬ ለአጋዘን የምንለው ዓይነት ጥይት! የዝሆን ጭንቅላት ውስጥ አንጎሉ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። እሱን ምሰሉ ማለቴ አይደለም። ዛሬ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽና ለዝሆን ከ375 (0.375 ኢንች ስፋት ካለው አረር) በታች አይፈቅዱም፤ ልክም ናቸው። የቆሰለ ጎሽ ወደ ሰው ይመጣል። 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ለንደን ውስጥ በ1912 የወጣ ነው፣ እስከ ዛሬም ለዚህ ሥራ የሚታመን ነው። ኤልክ ግን አይመጣባችሁም። ይሸሻል። ለሚሸሽ እንስሳ የሚያስፈልገው የመጀመሪያዋ ጥይት ቦታዋን ማግኘቷ ነው።

አያቴ ምንሽር ነበራቸው። ጥይታቸው በጣት የሚቆጠር ነበር። በእሳቸው ልጅነት ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ የሚሰጥበት አገር ነበር። ስለዚህ አንዷን ለመተኮስ ግማሽ ቀን በደረታቸው ይሳቡ ነበር። እኛ ደግሞ ሃያ ጥይት ያለው ካርቶን በ60 ዶላር ገዝተን ከማዶ ሸንተረር ላይ እንለቃለን። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ዳገት ወጥታችሁ፣ ልባችሁ እየዘለለ 400 ያርድ አትተኩሱ። ተጠጉ። ካልተጠጋችሁ ተዉት፣ ነገም ቀን ነው።

ደንግጬ እንደምተኩስ ያወቅኩት በአንድ ቀላል ዘዴ ነው። አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ጎረቤቴ ጠመንጃዬን ተቀብሎኝ ዞር አለና ራሱ አጎረሰው። አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት ያገባል፣ አንዳንዴ ባሩድ የሌለው ባዶ። እኔ የትኛው እንደገባ አላውቅም። አነጣጥሬ ቃታውን ሳብኩ። "ቀጭ" ብቻ አለ። አፈሙዙ ግን አንድ ስንዝር ወደ መሬት ተደፋ። ጠመንጃው አልመታኝም፤ ያጎነበስኩት እኔው ነኝ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ 338ቱን ሸጥኩና 30-06 ገዛሁ፣ ክረምቱን ሙሉም ስለማመድ ከረምኩ።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩስ ሜዳ እንገናኝ። የጆሮ መከላከያ አትርሱ። የፈለጋችሁትን ጠመንጃ ይዛችሁ ኑ፣ ማግነምም ይሁን። የማጎርሰው ግን እኔ ነኝ።