የጣርማበር ዳገት፣ ቱርቦውና የሆንዳ ጄት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው መኪና ሠሪዎች የአውሮፕላን ሞተር ሥራ ውስጥ ሲገቡ ስለሚገጥማቸው ነገር ነው። ወሬውን ግን ከጣርማበር ልጀምር፤ ምክንያቱም የሰሜን ሸዋ ሹፌር የጄት ሞተርን ግማሽ ይዞት ነው የሚዞረው።

ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,840 ገደማ። በመሃል ያለው ጣርማበር ከ3,000 ያልፋል። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ሳስቷል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። ሹፌሩ ነዳጅ ቢረግጥም አየር ስለማይበቃ ናፍጣው በወጉ ሳይቃጠል በማርሚታው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል።

ቱርቦ ይህን ያስተካክላል። የሚወጣው ትኩስ ጭስ ተርባይኑን ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለው ኮምፕሬሰር አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይከታል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊደርስ ይችላል፣ የተሸከመውም ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ጭነት ይዛችሁ ዳገቱን ጨርሳችሁ ወዲያው ካጠፋችሁት ዘይቱ ይቆማል፣ ትኩሳቱ ግን አይቆምም። ዘይቱ እዚያው ይከስላል፣ መተላለፊያው ይጠብባል፣ ኩሽኔታው ይበላል። ስለዚህ 2 ወይም 3 ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ። ስትፈትሹ የአየር ቱቦውን ፈታችሁ ዘንጉን በጣት ያዙት። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቁ ያለ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተጫወተ ወይም ምላጩ ቤቱን ከነካ ግን አልቋል። ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ዘይት እያለፈ ነው ማለት ነው። የተቀደደ ፊልትሮ ደግሞ በአቧራ ምላጩን ይሞርደዋል።

እንግዲህ ፒስተኑን አውጡና በኮምፕሬሰሩና በተርባይኑ መካከል ነዳጅ የሚነድበት ክፍል አስገቡ። የጄት ሞተር ሥሩ ይኸው ነው። በፒስተን ሞተር መሳብ፣ መጭመቅ፣ ማቃጠልና ማስወጣት አንድ ቦታ ላይ በተራ ይሆናሉ፤ በጄት ግን አራቱም በየቦታቸው ባንድ ጊዜ፣ ያለማቋረጥ ይካሄዳሉ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ነገር የለም።

የመኪና ሞተርን ወደ ሰማይ ማውጣት ታዲያ ለምን ያስቸግራል? መኪና በደህና አስፋልት በ100 ሲሄድ ከሙሉ ጉልበቱ ሩቡን እንኳ ላይነካ ይችላል። የአነስተኛ አውሮፕላን ፒስተን ሞተር በሙሉ ጉልበት ተነሥቶ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ከ65 እስከ 75 በመቶ ላይ ይቆያል። የፕሮፔለር ጣጣም አለ። የመኪና ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው በደቂቃ 5,000 ዙር አካባቢ ሲዞር ነው፤ ፕሮፔለር ግን ጫፉ ወደ ድምፅ ፍጥነት እንዳይጠጋ ከ2,700 ባይበልጥ ይመረጣል። ስለዚህ በመሃል ማርሽ ይገባል፣ ማርሹ ደግሞ የሞተሩን ምትና የፕሮፔለሩን ርግብግብታ ከሁለት ወገን ይቀበላል።

ፖርሽ የ911ን ሞተር መነሻ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፒኤፍኤም 3200 የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ሠራ። በአንድ እጀታ የሚታዘዝ፣ ለአብራሪ የሚመች ነበር፤ ግን ከበደ፣ ተወደደ፣ በ1991 ቆመ። ቶዮታ የሌክሰስን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይዞ በ1996 የአሜሪካን ማረጋገጫ አገኘ፤ ገበያ ግን አልወጣም። የጀርመኑ ቲለርት የመርሴዲስ ኤ ክላስን ናፍጣ ሞተር ለአውሮፕላን አበቃ። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ የጄት ነዳጅ ይጠጣል፣ ፍጆታውም ትንሽ ነው። ግን የማርሽ ሳጥኑ በየ300 ሰዓቱ እየወረደ ይታይ ነበር፣ ኩባንያው ራሱም በ2008 ከሠረ። ያረጀ የሚባለው የአሜሪካው የአውሮፕላን ፒስተን ሞተር ላይኮሚንግ ያለ ማርሽ፣ በአየር እየቀዘቀዘ 2,000 ሰዓት ይሠራል። ለእኔ የማይበገረው እሱ ነው።

መኪና ሠሪ የሚችለው ሌላ ነገር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፎርድ እንግሊዝ ውስጥ የሮልስ ሮይስን የጦር አውሮፕላን ሞተር መርሊንን እንዲሠራ ሲታዘዝ ሥዕሎቹ ለብዛት ምርት ልካቸው ልቅ ነው ብሎ እንደገና አሣላቸው። ሮልስ ሮይስ ጋ ዕቃው በባለሙያ እጅ እየተሞረደ ነበር የሚገጠመው፤ ፎርድ ግን ማንኛውም ዕቃ ማንኛውም ሞተር ላይ እንዲገባ ፈለገ። በማንቸስተር ከ30,000 በላይ ሠራ።

ሆንዳ ደግሞ የመኪና ሞተሩን ይዞ አልመጣም። የጄት ምርምሩን በ1986 ከባዶ ጀመረ፣ በ2004 ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ጋር ተጣመረ፣ አብረው የሠሩት የጄት ሞተር ኤችኤፍ120 የአሜሪካን ማረጋገጫ ያገኘው በ2013 መጨረሻ ነው። 27 ዓመት መሆኑ ነው! ማጣመሩን እንደ ድክመት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን ብልህነት እለዋለሁ። ማረጋገጫ ማለት ወፍና በረዶ ማስዋጥ፣ የ150 ሰዓት የጽናት ሙከራ፣ ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ላይ እያለ ምላጭ ቆርጦ ቤቱ መያዙን ማየት ነው። ይህን ደጋግሞ ያለፈ ባልደረባ ገንዘብ ነው።

የኤችኤፍ120 የፊት ማራገቢያ 47 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከእንጀራ ምጣድ ያንሳል። የሚገፋው 950 ኪሎ ገደማ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤ350-900 የሚጠቀምበት የሮልስ ሮይስ ሞተር ትሬንት ኤክስደብልዩቢ ማራገቢያው 3 ሜትር ሆኖ ወደ 38 ቶን ይገፋል። በትሬንት በእሳቱ ክፍል ለሚያልፍ ለእያንዳንዱ ኪሎ አየር ወደ 9.6 ኪሎ በውጭ በኩል ያልፋል፤ በሆንዳው 2.9 ብቻ። ብዙ አየር በዝግታ መግፋት ነዳጅ ስለሚቆጥብ ትልቁ እዚህ ላይ ይበልጣል።

ትንሽ ሞተር ሌላም ችግር አለበት። በምላጩ ጫፍና በቤቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት እንደ ሞተሩ ልክ አያንስም። ምላጩ ጣት ባከለ ጊዜ ያው ክፍተት ብዙ አየር ያሾልካል። ለዚህ ነው የሆንዳው የመጨረሻ ኮምፕሬሰር በረድፍ የተደረደረ ምላጭ ሳይሆን አየሩን ከመሃል ወደ ዳር የሚወረውር አንድ የቲታኒየም ጎማ የሆነው። ቅርጹን ቱርቦ የፈታ መካኒክ ወዲያው ያውቀዋል።

አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ጄት ከፍታ ላይ ጉልበት አይጨምርም። ኤችኤፍ120 የተገጠመለት ትንሹ አውሮፕላን ሆንዳጄት በሚደርስበት 43,000 ጫማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ የመግፋት ኃይሉም አብሮ ይወርዳል። የሚጠቅመው አውሮፕላኑን የሚጎትተው አየር መሳሳቱና ቅዝቃዜው ነው። ከመሬት ሲነሣ ግን ከፍታ ጉዳት ብቻ ነው። የቦሌ አንዱ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር የሆነው ወዶ አይደለም።

ተቃራኒውን የሞከረ መኪና ሠሪም ነበር። ክራይስለር ከ1963 ጀምሮ 50 የተርባይን መኪኖችን ለተራ ሰው እያዋሰ አስነዳ። ንዝረት የለ፣ ናፍጣም ነጭ ጋዝም ይነዳል። ግን መኪናው ቆሞ እንኳ ሞተሩ በደቂቃ 20,000 ዙር ገደማ ይዞራል፤ መብራት ላይ ስትጠብቁ ነዳጅ ይበላል። ስትረግጡት ደግሞ ዘንጉ ፍጥነት እስኪያነሣ መኪናው ይዘገያል። ተርባይን የሚወደው አንድ ፍጥነት ላይ ረጅም ጊዜ መቆየትን ነው፣ ከተማ ደግሞ ያንን አይሰጠውም።

የዛሬው ይኸው ነው። ደህና ሰንብቱ።