ላይብረሪው አለ፣ ፕሮግራሙ ግን አላየውም

እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ ስለ ሊብፒካፕ ነው የማወራችሁ፤ በኔትወርክ የሚያልፈውን ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) የሚይዝ ላይብረሪ ነው። በሊኑክስ ላይ ከሶርስ ኮድ እንገነባዋለን። ስሙን የማታውቁት ትኖሩ ይሆናል። የኔትወርክ ፓኬት ማሳያውን ፕሮግራም ዋየርሻርክን ከፍታችሁ ፓኬት ሲዥጎደጎድ ካያችሁ ግን ከሥር ያለው እሱ ነው። ቫን ጃኮብሰን፣ ክሬግ ሌረስና ስቲቨን ማካን አሜሪካ ውስጥ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ቲሲፒደምፕ ከሚባለው የፓኬት ማሳያ ፕሮግራም ጋር የሠሩት ነው።

“በአፕት (በሊኑክስ የፕሮግራም መጫኛው) አንድ መስመር ጽፎ መገላገል እያለ ከሶርስ ኮድ መገንባት ምን አመጣው?” ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ለመሥሪያ ቤት ሰርቨር ከሆነ የተዘጋጀውን ውሰዱ። ኮድ የምትጽፉበት ከሆነም “ዴቭ” የሚለውን ፓኬጅ አትርሱ፤ ሄደር ፋይሎቹ ያሉት እዚያ ነው። እኔ ዛሬ የምፈልገው ግን ሆድቃውን እንድታዩት ነው።

ሶርሱን ፈታችሁ ኮንፊገር ስትሉ፣ ማለትም ለግንባታ የሚያስፈልገው መኖሩን ሲያጣራ፣ ምናልባት ገና ከጅምሩ ይቆምባችኋል። ፍሌክስና ባይሰን የሉም ይላል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ገርሞኝ ነበር። ፓኬት ለመያዝ የቋንቋ መተንተኛ ምን ያደርጋል? ነገሩ እንዲህ ነው። “ዩዲፒ ፖርት 53” ብላችሁ የምትጽፏት ማጣሪያ ራሷ ትንሽ ቋንቋ ናት። ፍሌክስ ቃል በቃል ይነጣጥላታል፣ ባይሰን ሰዋስዋን ይፈታል። ከዚያ ወደ ቢፒኤፍ (የበርክሌይ ፓኬት ማጣሪያ) ትዕዛዝ ትቀየርና ከርነል፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ውስጥ ትገባለች። ማካንና ጃኮብሰን ይህን ማጣሪያ ያስተዋወቁበትን ጽሑፍ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ብልሃቱ የማይፈለገው ፓኬት እዚያው ከርነል ውስጥ መጣሉ ነው፤ ፕሮግራማችሁ ድረስ ኮፒ ሆኖ አይመጣም። ለእኔ የላይብረሪው ውበት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ለመገንባት ሜክ፣ ቀጥሎ ለመጫን በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ሜክ ኢንስቶል። አለቀ? እኔም አለቀ ብዬ ነበር። የጻፍኳት ፕሮግራም ያለምንም ስህተት ኮምፓይል ሆነች፣ ሳስነሳት ግን “ላይብረሪው የለም” አለችኝ። ፋይሉ ዩኤስአር ሎካል ሊብ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ በዓይኔ እያየሁት! ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ደገምኩት። የጎደለው አንድ ትዕዛዝ ነበር፦ ኤልዲኮንፊግ። ፕሮግራም ሲነሳ ላይብረሪ የሚፈልገው ቀድሞ ከተዘጋጀ የላይብረሪዎች ዝርዝር ማውጫ ላይ ነው፤ ይህ ትዕዛዝ ያንን ያድሳል። ማውጫው ካልታደሰ አዲሱን እንግዳ ማን ያውቀዋል?

ፈቃድ የለህም ካላችሁ ደግሞ ያ የላይብረሪው ጥፋት አይደለም። ሊኑክስ ተራ ተጠቃሚ የኔትወርክ ካርዱን እንዲያዳምጥ አይፈቅድም። በሱዶ ማስነሳት ይቻላል፤ እኔ ግን ሴትካፕ በሚባለው ትዕዛዝ ለፕሮግራሟ ብቻ ኔት ሮው የሚባለውን ፈቃድ መስጠት ይሻለኛል። የራሳችሁን ኔትወርክ ብቻ አዳምጡ፤ የጎረቤት ዋይፋይ አይነካም።

በሉ ላፕቶፕ ክፈቱ። ፍሌክስና ባይሰን የሌላችሁ እጃችሁን አውጡ፣ በፍላሽ ይዤ መጥቻለሁ።