የግዥ መረጃም ተቆጥሮ ይረከብ

ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከምንጃር ሸንኮራ፣ ከአንኮበር፣ ከኤፍራታና ግድም፣ ከባሶና ወራናና ከሌሎችም ወረዳዎች ደብረ ብርሃን ድረስ የመጣችሁ የግዥ፣ የፋይናንስ፣ የንብረትና የአይሲቲ ባለሙያዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

የንብረት ሠራተኛ ዕቃው በመኪና ደረሰ ስለተባለ ብቻ የንብረት መረከቢያ ደረሰኙን ሞዴል 19 አይቆርጥም። ይቆጥራል፣ ከግዥ ትዕዛዙ ጋር ያመሳክራል፣ ከዚያ ይፈርማል። የዛሬው ርዕስ የግዥ መረጃን በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ከስፓርክ ጋር ማገናኘት ነው፤ የምጠይቃችሁ ግን ይህንኑ የምታውቁትን ሥርዓት ነው።

ስፓርክ አንድን ሥራ ለብዙ ኮምፒውተሮች አከፋፍሎ የሚያሠራ፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ሞተር ነው። የሚያስፈልገው ግን ለሁሉም አይደለም። የአንድ ወረዳ የዓመት ግዥ ጥቂት ሺህ መስመር ከሆነ እንደ ፖስትግሬስ ያለ ተራ ዳታቤዝ ይበቃዋል፤ ስፓርክ መትከል ድካም መጨመር ነው። ጥቅሙ የሚታየው የብዙ ወረዳና የብዙ ዓመት ትዕዛዝ፣ የንብረት ገቢና ክፍያ በየፊናው ተቀምጦ በአንድ ጥያቄ ሲፈለግ ነው።

ግንኙነቱ የሚሠራው ፕሮግራምን ከዳታቤዝ ጋር በሚያገናኘው በጄዲቢሲ ነው። አራት ነገር ያስፈልጋል፦ የዳታቤዙ አድራሻና ፖርት (ፖስትግሬስ 5432፣ ማይኤስኪውኤል 3306)፣ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተጠቃሚ፣ የሚነበበው ሠንጠረዥ ስምና ስፓርክን ከዳታቤዙ ጋር የሚያነጋግረው ድራይቨር ፋይል። ተስማሚ ድራይቨር አልተገኘም የሚል ስህተት ከመጣ የይለፍ ቃሉን አትጠርጥሩ፤ ብዙ ጊዜ የድራይቨሩ ፋይል ስፓርክ በሚያየው ቦታ አልተቀመጠም ማለት ነው። የምታነቡትም ሠራተኛው ትዕዛዝ ከሚመዘግብበት ዳታቤዝ ሳይሆን ከቅጂው ይሁን። በተለይ በሰኔ መጨረሻ፣ ሒሳብ ሊዘጋ ሁሉም ሲረባረብ፣ ዋናውን ዳታቤዝ በከባድ ንባብ ማጨናነቅ በባልደረባ ላይ የሚሠራ ግፍ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ላይ ደረስን። ስፓርክ ካልተነገረው በቀር ሠንጠረዡን በአንድ ግንኙነት፣ በአንድ ክፍልፋይ (ተከፋፍሎ በሚሰጥ የሥራ ድርሻ) ብቻ ያነባል። አሥር ኮምፒውተር ቢኖራችሁ ዘጠኙ ቆመው ያያሉ። ስለዚህ መከፋፈያ ዓምድ፣ ታች ወሰን፣ ላይ ወሰንና የክፍልፋይ ብዛት ትሰጡታላችሁ። ዓምዱ ቁጥር ወይም ቀን መሆን አለበት፤ የትዕዛዝ ተራ ቁጥር ጥሩ ነው። ታች ወሰን 0፣ ላይ ወሰን 800,000፣ ክፍልፋይ 8 ብትሉ እያንዳንዱ 100,000 ቁጥር ይይዛል።

ወሰኖቹ ግን አያጣሩም። ከ800,000 በላይ ያለው መስመር አይቀርም፤ ሁሉም የመጨረሻው ክፍልፋይ ላይ ይከመራል። መዝገቡ አድጎ 1,600,000 ሲደርስ ላይ ወሰኑን ካልቀየራችሁ ሰባቱ መቶ መቶ ሺህ ይዘው ቶሎ ይጨርሳሉ፣ ስምንተኛው ብቻውን 900,000 ይሸከማል። «ስፓርክ ዘገየ» ከተባለ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ክፍልፋዩን 100 ማድረግም መፍትሔ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍልፋይ በዳታቤዙ ላይ አንድ ግንኙነት ይከፍታልና ዳታቤዙ ይታነቃል። በአንድ ጊዜ ስንት መስመር እንደሚመጣ የሚወስነውን ፌች ሳይዝንም አስቡበት፤ ካልተሰጠው የፖስትግሬስ ድራይቨር ውጤቱን በሙሉ አንዴ ሜሞሪ ላይ ለመጫን ይሞክራል። 1,000 ወይም 5,000 ብሎ መጀመር ይቻላል።

መረጃው ገባ። እዚህ ላይ ነው መቁጠር የሚመጣው። በምንጩ በኩል የመስመር ብዛትና የብር ድምር፣ በስፓርክ በኩልም እንዲሁ፤ እስከ ሳንቲሙ እኩል ካልሆኑ ርክክቡ አልተፈጸመም። ድምሩ በሳንቲም ከተለያየ ብሩ የተቀመጠበትን ዓይነት እዩ። ደብል የሚባለው የቁጥር ዓይነት ከነጥብ በኋላ ያለውን በግምት ይይዛል፤ ብር ልኩን በሚይዘው በዲሲማል፣ ለምሳሌ በ18 አኃዝና በ2 ነጥብ ቤት ይቀመጥ።

ቀጥሎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። 10 አኃዝ ነው፣ ብዙውም በ00 ይጀምራል። ኤክሴል እንደ ቁጥር ካነበበው ዜሮዎቹ ይጠፋሉ፣ አንዱ አቅራቢ ሁለት ሆኖ ይታያል። ሁልጊዜ ጽሑፍ ይሁን። የጠፋውን ዜሮ ከፊት በሚሞላው በኤልፓድ ፈንክሽን መመለስ ይቻላል፤ ግን አስቀድማችሁ ርዝመቱን ፈትሹ፤ በስህተት 11 አኃዝ የተጻፈውን ኤልፓድ ዝም ብሎ ወደ 10 ይቆርጠዋል፣ ትክክለኛ የሚመስል የሐሰት ቁጥርም ይወለዳል። በስም ማዛመድ የመጨረሻ አማራጭ ነው። «ፀሐይ»ና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን ሁለት ቃል። ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ፊደልን በፊደል በሚተካው በትራንስሌት መለወጥ ይረዳል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሁሉንም ፊደል ካልዘረዘራችሁ ግን ግማሹ ያመልጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ቀን ነው። 30/02/2016 ጥቅምት 30 ነው፤ ስፓርክ ግን ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ያነበዋል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን የለም። በቀድሞዎቹ እትሞች ባዶ ያደርገዋል፤ ከ4.0 ጀምሮ በነባሪው ስህተት ብሎ ያቆማል። ይህ እንኳ ይሻላል። 12/03/2016ን ግን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይቀበላል፤ ኅዳር 12ን እንደ ማርች 12 ይዞ ያልፋል፣ በዓመትም ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ጳጉሜንማ ከነጭራሹ አያውቃትም።

ስለዚህ ቀኑን በጽሑፍነቱ ተዉትና የቀን ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር፣ የእኛ ቀን፣ የፈረንጁ ቀን፣ የበጀት ዓመት፣ ሩብ ዓመት። አሥራ ሁለት ዓመት 4,383 መስመር ብቻ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራልና ሐምሌ 2016 የተፈጸመ ግዥ የ2017 በጀት ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ብቻ የደመረ ሰው የሁለት በጀት ግዥ ይቀላቅላል።

አንድ ስህተት ደግሞ መረጃው ንጹሕ ሆኖም ይመጣል። የ600,000 ብር ትዕዛዝ በሦስት ጊዜ ገቢ ሆነ እንበል፤ ሦስት ሞዴል 19 አለው። ትዕዛዙን ከገቢው ጋር ሁለት ሠንጠረዥ በሚያዛምደው በጆይን አገናኝታችሁ የትዕዛዙን ዋጋ ብትደምሩ 1,800,000 ይወጣል። ጥያቄው ሳይሰበር፣ ስህተት ሳይል፣ ሦስት እጥፍ። ይህ ቁጥር ሪፖርት ላይ ወጥቶ ንጹሕ ሠራተኛ ሊያስጠረጥር ይችላል። ገቢውን አስቀድማችሁ በግሩፕ ባይ በትዕዛዝ ቁጥር አጠቃልሉ፣ ከዚያ አገናኙ።

የዋጋ ንጽጽርም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ወረዳ ወረቀት በፓኮ፣ ሌላው አምስት ፓኮ በያዘ ካርቶን ይመዘግባል፤ አንዱ 15 በመቶ ተ.እ.ታን ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር። የመለኪያ ማዛመጃ ሠንጠረዡን መሥራት ያለበት ግዥ ክፍል ነው፤ የአይሲቲ ባለሙያው ካርቶን ውስጥ ስንት እንዳለ የማወቅ ግዴታ የለበትም።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በእጅ አድካሚ የነበረ ጥያቄ መልስ ያገኛል። ለምሳሌ ጨረታ እንዳይወጣ ግዥን መቆራረጥ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ከአንድ አቅራቢ፣ ለአንድ የዕቃ ዓይነት፣ በ30 ቀን ውስጥ በዋጋ ማቅረቢያ የተገዛውን በተወሰኑ መስመሮች ላይ በሚያሰላው በዊንዶው ፈንክሽን ደምሩና ከተፈቀደው ጣሪያ ያለፈውን አውጡ። የሚወጣው ዝርዝር ግን የሚመረመር ፋይል ዝርዝር ነው፣ የጥፋተኞች ዝርዝር አይደለም። የመስክ መኪና ጥገና ሁለት ጊዜ በአስቸኳይ የገዛ ወረዳም እዚያው ይገባል፤ ፋይሉ ሳይከፈት ማንም ላይ ደብዳቤ አይጻፍ።

ለቀጣይ ንባብ የመጨረሻውን ተራ ቁጥር ሳይሆን መስመሩ መጨረሻ የተቀየረበትን ሰዓት ተከተሉ፤ የቆየ ትዕዛዝ ሲሻሻል ወይም ሲሰረዝ ተራ ቁጥሩ አይለወጥምና። በየሌሊቱ የመጣውን ለትልቅ መረጃ በሚመች በፓርኬ ፋይል፣ በበጀት ዓመት ከፍላችሁ አስቀምጡ። ከጎኑም የመስመር ብዛቱን፣ የብር ድምሩንና ያመሳከረውን ሰው የሚይዝ አንድ ትንሽ መዝገብ ይኑር። የኔትወርክ መቋረጥ ንባቡን በመሃል ከቆረጠው፣ ጠዋት የትኛው ሌሊት እንደጎደለ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

አመሰግናለሁ።